የላባ ፓራሹት

የፓራሹት ማጠፊያውን ክፍል ከእኔ የስፌት ክፍል የሚለየው ቀጭን የጣውላ ግድግዳ ነበር። ከማዶ ሰዎች ሲያወሩ ከሰማሁ፣ ጆሮ የምጥል እንዳይመስላቸው እስል ነበር። አንድ ቀን ግን አልሳልኩም። የሚያወሩት ላባና ሚስቱ ነበሩ። እሷ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወንበር ሲጎተት፣ ከዚያም እሷ “እፎይ” ብላ ስትቀመጥ ሰማሁ።

“ለመሆኑ ሰማይ ላይ ምን ጠፍቶህ ነው?”

“መሬት ላይ የጠፋኝን ከላይ ሆኜ እፈልጋለሁ።”

“እና አገኘህ?”

“አንቺን አገኘሁ አይደል?”

“እኔን ያገኘኸኝ የባቡር ትኬት ሰልፍ ላይ ነው። ደግሞ ተራዬን ልትቀማኝ ስትል!”

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ስለ ጭቃ የሆነ ነገር ተባለ፤ በዚያ ሰሞን ዝናብ ነበርና ላባ ከነፓራሹቱ ረግረግ ላይ አርፎ ነበር። እሷ “ይሄን ማን ያጥበዋል?” ያለች ይመስለኛል፤ “ይታጠባል እንዴ?” ብላ ሊሆንም ይችላል። እሱ የመለሰውን አሟልቼ አላስታውሰውም። “ከእኔ ይልቅ እሱን ደህና አድርገሽ ያዥልኝ” የሚል ነገር ነበረበት። ከዚያ የስፌት መኪናዬን ፔዳል ረገጥኩና የቀረውን ጩኸቱ ዋጠው።

ላባ ብለን ስም ያወጣንለት እኛው የዝላይ ሜዳው ሰዎች ነን። አጭርና ቀጭን ነበር፤ ሲያርፍ ከእግሩ በታች ያለው ሣር የተረገጠ አይመስልም። የፓራሹት ዘላይ ሞተ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነውና ቀድሜ ልናገር፦ ላባ ወድቆ አልሞተም። ጉበቱ ታሞ፣ አልጋው ላይ፣ ሚስቱ እጁን እንደያዘችው ዐረፈ። ነፍሱን ይማር። በሆዷ የነበረችው ልጅ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ልትጨርስ ተቃርባ ነበር።

አሁን ያቺ ልጅ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። መዝለልም ጀምራለች። ስትጀምር አልገፋፋኋትም፣ አልከለከልኳትምም። የእኔ ሥራ ፓራሹት መመርመር፣ መጠገንና ማጠፍ ነው፤ እኔ አይቼ ይሁን ያላልኩት ፓራሹት ከሜዳችን አይነሣም። ስትማር የዘለለችባቸውን የክለቡን ሰፋፊ ፓራሹቶች ሁሉ ያጠፍኩላት እኔ ነኝ። ባጠፍኩ ቁጥር ጥቂት ቃል እጸልያለሁ፤ ለሷ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም።

ብቻዋን ለመዝለል ፈቃዷን ባገኘች ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ የሥራ ሸሚዟን ሳትቀይር ወደ ክፍሌ ገባች። በትከሻዋ ከረጢት አንግታለች።

“ጋሽ መርፌ፣ እንግዳ ይዤልህ መጥቻለሁ።”

መርፌ የሚለውን ስም ያወጣልኝ አባቷ ነው። ከረጢቱን ሳየው እጄ ላይ የነበረው ክር ወደቀ። የግራ ትከሻው ማሰሪያ ላይ ያለውን ቡናማ ስፌት የሰፋሁት እኔ ነኝ።

“ከየት አገኘሽው?”

“እማዬ ሰጠችኝ። ፈቃዴን ሳሳያት ከቁምሳጥን አውጥታ ‘እንግዲህ ያንቺ ነው’ አለችኝ። ቅዳሜ በሱ ነው የምዘለው።”

ረጅሙን ጠረጴዛ ጠረግኩና አብረን ዘረጋነው። ቢጫና ሰማያዊ ነበር፤ ዛሬ ቢጫው የወተት መልክ፣ ሰማያዊው የጭስ መልክ ይዟል። እንዲህ ያለ ንጹሕ አሮጌ ፓራሹት ግን አይቼ አላውቅም። ሜዳ ላይ የኖረ ጨርቅ ታሪክ አለው፤ ጥግ ላይ የሣር አረንጓዴ፣ በስፌቱ ውስጥ አቧራ፣ አንዳንዴም የደረቀ ጢንዚዛ። በዚህ ላይ አንድም እድፍ የለ። ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

“አዲስ አይመስልም?” አለችኝ።

“ከአዲስም የጸዳ ነው” አልኳት። እውነቴን ነው። ያስፈራኝም እሱው ነበር።

ጨርቁን ጨበጥ ለቀቅ አደረግኩት። ደህና የፓራሹት ጨርቅ ሲጨብጡት እንደ አዲስ ወረቀት ኮሽ ይላል። ይሄ ዝም አለ፤ እንደ አሮጌ ሻሽ እጄ ላይ ተኛ። ወደ አፌ አስጠግቼ ከበስተጀርባው መዳፌን አደረግኩና ነፋሁ። ትንፋሼ ጨርቁን አልፎ መዳፌን አሞቀው። አየር እንዳያሳልፍ የተቀባው ነገር የለም። ከዚያ ገመዶቹን ጎን ለጎን ዘርግቼ አስተያየኋቸው፤ ለማረፍ የሚሳቡት የፍሬኑ ገመዶች ተኮማትረዋል።

የክለቡ አሰልጣኝ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ብቅ አለ።

“እንዴ! የላባ አይደለም ይሄ?” ጠረጴዛውን ዞረው። “ይሄማ ጡረታ መውጣት ነበረበት።”

“አንተም ነበረብህ” አለችው ልጅቷ።

“ምላሷ የአባቷ ነው” አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። “እኔ ራሴ ከዚህ በባሰ አሮጌ ዘልዬ አውቃለሁ። ዕድሜ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፣ አይደለም መርፌ?”

“ልክ ነህ” አልኩት። “ጨለማና ደረቅ ቦታ የተቀመጠ አሮጌ፣ ፀሐይ ላይ ከዋለ አዲስ ይሻላል። ስንት ዓመቱ ነው ሳይሆን እንዴት ኖረ ነው ጥያቄው።”

“ይኸው! ቁምሳጥን ውስጥ ነው የኖረው” አለች ልጅቷ።

እንዴት አድርጌ ልንገራት? አባቷን ከእጇ ላይ የምነጥቃት መሰለኝ። በምታውቀው ልጀምር ብዬ ጠየቅኳት።

“ያገለገለ አውቶቡስ ግዢ ቢሉሽ ምኑን ታያለሽ?”

“ኪሎ ሜትሩን አላምንም። ከሥሩ ነው የምገባው።”

“ሞተሩ ታጥቦ፣ አብረቅርቆ ቢቀርብልሽስ?”

“እሱንማ ጥዬው ነው የምሄደው። ዘይት የሚያፈስ ሞተር ያለው ሰው ነው እንዲያ አድርጎ የሚያጥበው።” አፏን እንደከፈተች ቀረች። ዓይኗ ወደ ጨርቁ ሄደ። “እናቴ የምትደብቀው ነገር የለም” አለች በቀስታ።

“አውቃለሁ። እናትሽ ደብቃ አታውቅም። እኔ የምለው ጨርቁ ታጥቧል ነው። ናይለን ደግሞ እንደ ሸሚዝ አይደለም።”

ከዚያ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። ይህ ጨርቅ ክፉ አመሉን ሰማይ ላይ ሳለሽ ላያሳይሽ ይችላል አልኳት፤ ይከፈት ይሆናል፣ ይበርም ይሆናል። መሬት ሲቃረብ ሁለቱን ፍሬን ስትስቢ ግን አየሩን አፍኖ ሊያቆምሽ የሚገባው ጨርቅ እንደ ወንፊት ያሳልፈዋል። ከዚያ በኋላ የሚያቆምሽ መሬቱ ነው። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ሲከፈት ካልተቀደደ ነው።

“አባቴ በዚህ ነው ዕድሜውን ሁሉ የዘለለው። አንድ ቀን አልከዳውም።”

“አባትሽ ክብደቱ ስንት ይመስልሻል?”

“ወፈርሽ እያልከኝ ነው?”

“ረዘምሽ እያልኩሽ ነው። ለሱ የተሰፋ ኮት ቢሆን አንቺን እጅጌው ክርንሽ ላይ ይቀራል። ይሄ ሲሠራ ለላባ ነው የተሠራው፤ አዲስም ቢሆን ላንቺ ያንሳል፤ በፍጥነት ያወርድሻል።”

አሰልጣኙ ሻዩን ፉት እያለ ያየን ነበር። “ሴትዮዋ፣ መርፌ ያለሽን ስሚ” አለና ወጣ። መውጣቱ ደግ ነበር፤ በሰው ፊት መሸነፍ እንደማትወድ ያውቃል።

“ተጠባባቂው ፓራሹት አለልኝ አይደል?” አለችኝ ብቻችንን ስንቀር። “ይሄ እምቢ ካለ እሱን እከፍታለሁ።”

“ተጠባባቂ ላላወቅነው ነገር ነው፣ ልጄ። እያወቅን ለምንገባበት አይደለም።”

በሥራችን ጨርቅ በእርግጥ ማለቁን የምናውቅበት መንገድ አለ፤ በሁለት መቆንጠጫ ይዞ በእጅ ሚዛን መጎተት። ደህና ጨርቅ ይችለዋል፤ ያለቀው ይቀደዳል። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ግን አይጎተትም። ልጎትተው ስላት እጇን ጨርቁ ላይ አሳረፈች።

“ቀድደህ ልትመልስልኝ? አይሆንም። አንተ ይሁን ካላልክ ወንዝ ማዶ ያለው ሜዳ ላይ ማንም ማንንም አይጠይቅም።”

ወንዝ ማዶ ያለውን ሜዳ አውቀዋለሁ። እውነቷን ነው፣ አይጠይቁም። ካፈርኩ አይመልሰኝ የምትል ልጅ እንደሆነችም አውቃለሁ። ብቆጣት እዚያው ቀን ሄዳ ትዘላለች። “እናትሽን ካየኋት ቆየሁ” አልኳት። “ሰላም ልበላትና፣ ከዚያ እንደፈለግሽ።” ይሄን እምቢ ማለት አልቻለችም።

የቀኑ የመጨረሻ ዙር ቀርቷት ነበር፤ መስመሯ የሚያልቀውና አውቶቡሱን ለተረኛ የምታስረክበው ደግሞ እቤታቸው አጠገብ ነው። በራሷ አውቶቡስ ሄድን። ከረጢቱን ታቅፌ ከኋላዋ ተቀመጥኩ። ከራሴ በላይ “ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው” የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ለአንድ ጊዜ ሕግ ደስ አሰኘኝ። በየፌርማታው ዝግ ብላ ትቆማለች፤ አንድ ሽማግሌ ሲወርዱ የኋላውን በር በመስተዋት እያየች፣ እግራቸው አስፋልት እስኪነካ እግሯን ከፍሬኑ አላነሣችም። ለሰው እንዲህ የምትጠነቀቅ ልጅ ለራሷ ምነው? ብዬ አሰብኩ። “አምላኬ፣ የሚሰበር ነገር ካለ ልቧ አይሁን” አልኩ በሆዴ። የማንን ልብ ማለቴ እንደነበር አሁንም አላውቅም፤ የእናቲቱንም ይሆናል።

እናቲቱ በሩን ስትከፍት እጇን በፎጣ ታደርቅ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ጡረታ ብትወጣም እጇ አሁንም የእንፋሎት ቅላት አለው።

“አንተ ሰው! አለህ?”

“አለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።”

“ያ የስፌት መኪናህስ? ዛሬም ያጉረመርማል?”

“እሱም ጡረታ ይለምናል።”

ሳቀችና ከረጢቱን እቅፌ ላይ አየች። ፊቷ በራ። “መረመርከው? እንከን አገኘህበት? አገኘሁ ብትል እንኳ አላምንህም።”

ልጅቷ ዓይኗን ወደ እኔ ወረወረች። እኔ “እንዴት አድርገሽ ያዝሽው?” ብቻ አልኳት።

ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም መሰለኝ፤ ቤቱን ልታስጎበኝ እንደተነሣች ሴት ቀድማን ሄደች። መታጠቢያ ቤቱ ትንሽ ነው፤ ገንዳው ጫፉ ላይ ተሸርፏል። “እዚህ እዘፈዝፈዋለሁ” አለች። “በሙቅ ውኃ ነው፤ እጅ በሚችለው ሙቀት። የዱቄት ሳሙና፣ ጥግ ላይ የሣር እድፍ የነበረበት ላይ ደግሞ በረኪና ጠብ አደርጋለሁ። በብሩሽ አልነካሁትም፣ አይዞህ፤ በእጄ ነው።” ከዚያ ደረጃውን ወጥተን ጣራው ላይ አደረሰችን። ከጫፍ እስከ ጫፍ የልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥሯል፤ ጥላ የሚባል ነገር የለም። “እዚህ ደግሞ ይሰጣል። ሲነጋ አወጣዋለሁ፤ እኩለ ቀን ላይ እገለብጠዋለሁ፤ ፀሐይ ስትገባ አወርደዋለሁ። ነፋስ ሲገባበት ብታየው! ጎረቤቶች ‘ያቺ ሴትዮ ቤቷን ይዛ ልትበር ነው’ ይሉኛል።”

“ብዙ ጊዜ ታጥቢዋለሽ?”

ወደ ከተማው ጣራዎች ዞር አለች። “ሸሚዞቹን ሰጠሁ። ጫማውን ሰጠሁ። ይሄን ለማን እሰጣለሁ? ሲከፋኝ አጥበዋለሁ። ሳጥብ ይለቀኛል።” ትንሽ ቆየችና ፈገግ አለች። “አንዳንድ ሳምንት ሁለቴ ይከፋኛል።”

እንግዲህ ለዓመታት ያች ሴት ባሏን ስታጥብ ኖራለች። ሙቅ ውኃና በረኪና፣ ከዚያ ጣራ ላይ ሙሉ ቀን ፀሐይ። በሥራዬ ብዙ በግዴለሽነት የተበላሸ ፓራሹት አይቻለሁ፤ እርጥብ ሆኖ የታሸገ፣ አይጥ የበላው፣ መኪና ውስጥ ክረምትና በጋ የተረሳ። በፍቅር የተበላሸ ግን ያን ቀን አየሁ። 

“ዝም አልክ” አለች እናቲቱ። “አንተ ዝም ስትል ነገር አለ።”

ወደ ቤት ወርደን ተቀመጥን። ከረጢቱን መካከላችን ወለሉ ላይ አኖርኩት። በሽተኛ ቤት እንደሚደረገው፣ በቀስታና ሳልቀባባ ነገርኳት። ናይለንን ፀሐይ ይበላዋል አልኳት። ሙቅ ውኃና ሳሙና አየር እንዳያሳልፍ የተቀባውን ያነሣዋል፤ በረኪና ደግሞ ክሩን ያደርቀዋል። ለአንሶላ መድኃኒት የሆነው ሁሉ ለዚህ መርዝ ነው።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ፎጣውን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈች፤ ፈታችው፤ እንደገና አጣጠፈችው።

“ያዥልኝ ብሎኝ ነበር” አለች። “እኔ እንግዲህ ልብስ መያዝ የማውቀው በማጠብ ነው።”

“እማዬ፣ ምንም አላደረግሽም!” ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነሣች። “ጋሽ መርፌ ሁሉ ነገር ያስፈራዋል፣ ሥራው ነው። ፓራሹቱ ደህና ነው። ቅዳሜ ዘልዬበት አርፋለሁ፤ ያን ጊዜ ሁላችሁም ታያላችሁ!”

ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት። እስከዚያ ልትዘል የፈለገችው አባቷ በዘለለበት ለመዝለል ነበር። አሁን ደግሞ እናቷ ምንም እንዳላጠፋች ልታስመሰክር ነው። የመጀመሪያውን ምኞት ጊዜ ያበርደዋል። ይሄኛውን የሚያበርደው ምንድን ነው?

እናቲቱም ገባት። “ለእኔ ብለሽ ነው እንግዲህ” አለቻት።

“ለማንም ብዬ አይደለም።”

“እዩአት፣ ጫማዋን ስታይ። አባትሽም መዋሸት ሲያቅተው ጫማውን ነበር የሚያየው።” ወደ እኔ ዞረች። “ማለቁ በምን ይታወቃል?”

ከኮቴ ኪስ መቆንጠጫዎቹንና ሚዛኑን አወጣሁ። ልጅቷ ከረጢቱን ልትይዝ ጎንበስ ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት።

“ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ የማየውም እኔ ነኝ። የአንተንም ዕቃ አስቀምጥ፣ ወንድሜ። እኛ ሆስፒታል አንሶላ ማለቁን የምናውቀው በአውራ ጣት ነበር። ያለቀውን ለበሽተኛ አንሰጥም። በሽተኛው ሌሊት ሲገላበጥ ይቀደድበታላ።”

ከረጢቱን ከፈተች። ጨርቁ ወለሉን ሞልቶ እስከ ወንበሮቹ እግር ፈሰሰ። ከላይኛው በኩል፣ ፀሐይ አብዝቶ ከዋለበት ቢጫ፣ አንድ እጥፋት አነሣች፤ ሁለቱን አውራ ጣቶቿን ጎን ለጎን አድርጋ ወደ ታች ተጫነች። ብዙ አልተጫነችም። ጨርቁ ጥርር ብሎ ተከፈተ፤ በጣቶቿ መካከል የወለሉ እንጨት ታየ።

 ከላይ ቤት አንድ ሰው ወንበር ጎተተ።

እናቲቱ ሌላ ቦታ ያዘች፤ ሰማያዊው ላይ። እሱም ተከፈተ። ሦስተኛ ልትሞክር ብላ እጇን መለሰች።

“ልጄን በእጄ ለሞት ልሰጣት ነበር” አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰለኝ።

“አልሰጠሻትም” አልኳት። “ይኸው አጠገብሽ ቆማለች። ማንም አልነገረሽም፤ አንቺ ከምታውቀው ሁሉ የተሻለውን ነው ያደረግሽለት። እግዚአብሔርም የሚያየው እሱን ነው።”

ልጅቷ ተንበርክካ የተቀደደውን ጫፍና ጫፍ ገጠመችው። ልጅ ሳለች ብርጭቆ ሰብራ ስብርባሪውን ልትገጥም እንደምትታገለው ነበር። “ይሰፋል” አለች። “ጋሽ መርፌ፣ ትሰፋዋለህ አይደል? ሥራህ አይደለም?”

“ደህና ጨርቅ ላይ የወጣ ቀዳዳ እሰፋለሁ። ያለቀ ጨርቅን የምሰፋበት መርፌ ራሱ ይቀድደዋል።”

“ሌላው ቦታ ግን ደህና ሊሆን ይችላል። ሁሉም ቦታ ላይሆን ይችላል።”

 መልሱን እሷም ታውቀዋለች። እያለቀሰች መሆኗን ያወቅኩት ጨርቁ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ነው።

“በቃ፣ እንግዲህ ቁምሳጥኑ ውስጥ ይግባ” አለች እናቲቱ። “እኔ አላጥበውም፣ እሷም አትዘልበትም።”

እዚህ ላይ ዝም ማለት በወደድኩ። ግን በሥራችን አንድ ደንብ አለ፤ ማንም ጽፎ አላስቀመጠውም፣ ሁላችንም እናከብረዋለን። የሞተ ፓራሹት ከነገመዱ አይቀመጥም። ሰው ይረሳል፣ ይሸጣል፣ ያወርሳል። ቀዳዳውን አንድ ጎበዝ ሰፊ ይሸፍነዋል። ከዚያ አንድ ቀን አንድ የማያውቅ ሰው “ንጹሕ ነው፣ ርካሽ ነው” ብሎ ትከሻው ላይ ያደርገዋል። ይህንን ነገርኳቸው።

“ታዲያ ምን ይደረግ ነው የምትለው?”

“ገመዶቹ ይቆረጣሉ።”

እናቲቱ ደረቷን ያዘች። “ትቆርጠዋለህ?”

“እኔ አይደለሁም። ባለቤቱ ነው የሚቆርጠው።”

ወደ ልጇ ዞረች። “ወንዝ ማዶ እንደማትሄጂ ማይልኝ” አለቻት። ወንዝ ማዶ ስለሚባለው ሜዳ ማን እንደነገራት አላውቅም፤ የዘላይ ሚስት ነበረችና ሁሉንም ታውቃለች። ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። አልማለችም። ከሰማያዊው የተሻለውን ክፍል በዓይኗ ስትፈልግ አየኋት፤ በውኃ የተወሰደ ሰው የሚይዘው ሣር እንደሚፈልግ።

እናቲቱ ተነሥታ ከመሳቢያ መቀስ አመጣች፤ የጨርቅ መቀስ፣ ትልቁን። ተቀምጣ ገመዶቹን በአንድ እጇ ሰብስባ ጨመቀች። መቀሱ ነከሳቸው፤ አንሸራተታቸው። ደግማ ሞከረች። የፓራሹት ገመድ ቀጭን ነው፤ ግን ካልተወጠረ ለመቀስ አይገኝም፤ በጥርሱ መካከል ይታጠፍና ያመልጣል።

“ሰው መወጠር አለበት” አልኩና እጄን ዘረጋሁ።

“አንተ አይደለህም” አለችኝ።

ልጅቷ ገባት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። “እኔ አላደርገውም፣ እማዬ። አባዬን ነው የምትቆርጪው።”

“አባትሽን አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ” አለች እናቲቱ። “ያን ጊዜም አብረሽኝ ቆመሻል። ይሄ ጨርቅ ነው። ጨርቁም አይሄድም፣ አይደለም ወንድሜ? ይቀርልኛል?”

“ይቀርልሻል።”

“ማጠብስ?”

“እንደ ልብሽ እጠቢው። ከእንግዲህ የሚጎዳው ሰው የለም።”

ያ ነገር ሊያስቃት ምንም አልቀረው። መቀሱን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። “ስሚኝ የኔ ልጅ። ዝለይ፤ አልከለክልሽም። ጋሽ መርፌ ‘ይሁን’ ባለሽ በትልቁ፣ በሚመጥንሽ ዝለይ። ቅዳሜ መጥቼ ሜዳው ዳር እቆማለሁ፤ አባትሽ በዘለለ ቁጥር እንደምቆመው። ይሄ ግን ከነገመዱ እቤቴ ካደረ፣ አንቺ ከሥራ በዘገየሽ ቁጥር ቁምሳጥኑን ከፍቼ ማየት ሊኖርብኝ ነው። እንዲህ ሆኜ ልኑር?”

ልጅቷ መስኮቱ አጠገብ ሄዳ ቆመች። ታች መንገድ ላይ የሚያልፈውን አውቶቡስ ድምፅ ሁላችንም ሰማነው፤ ፍሬኑ ሲተነፍስ፣ በሩ ሲከፈት፣ ሲዘጋ። እስኪሄድ ጠበቀች። ከዚያ የሸሚዟን እጅጌ ሰብስባ ተመለሰችና እናቷ ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

“ከየት ልያዝ?” አለች።

“ከማሰሪያው በላይ” አልኳት። “በሁለት እጅሽ፣ ጠበቅ አድርገሽ።”

ገመዶቹን እጇ ላይ ጠመጠመችና ወደ ራሷ ሳበቻቸው፤ በእሷና በእናቷ መካከል ቀጥ ብለው ተወጠሩ።

“እሺ” አለች። “እይዛለሁ። ቁረጪ።”